ከመግባታችን በፊት መጨረስ ያለብን የማይታየውን ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፣ በጎንደር ከተማ በቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተውም ሆነ በግል ቦታ አግኝተው ቤታቸውን በራሳቸው ጥሪት የሚሠሩ ወገኖቼ፣ ቤቱ ጣሪያ ከለበሰ በኋላ ጓዛቸውን ጭነው እስኪገቡ ባለው ጊዜ ገንዘባቸውን ምን ላይ እንደሚያውሉት ስመለከት ዝም ማለት ስላልቻልኩ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። በዚህችው ከተማ በፎርማንነት ለብዙ ዓመታት የሠራሁ ነኝ።

ኪራይ በየጊዜው እየጨመረ ሲያስመርረው፣ በርና መስኮት እንደተገጠመ ወዲያው ወደ ራሱ ቤት የሚገባን ቤተሰብ ልወቅስ አልችልም። ለአከራይ የሚከፈለው ብር ለራስ ቤት ሲሚንቶና ብረት መግዣ ይሆናል፤ ቤቱም ሰው ሲገባበት ይጠበቃል። ቅሬታዬ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ መገባቱ ላይ ሳይሆን የሚቀድመውና የሚከተለው ሥራ መገላበጡ ላይ ነው። ሳሎኑ መብራት በተደበቀበት የጂፕሰም ኮርኒስ ያጌጣል፣ በረንዳው ፖርስሊን ይነጠፍበታል፤ በዚያው ቤት ግን የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ አልተፈተሸም፣ የማድ ቤቱ ገመድ ቀጭን ነው፣ ከወለሉ ሥር ያለው አፈር አልተደመደመም። ቀለም ከገቡ በኋላ ክፍል በክፍል ይቀባል። ኮርኒስም፣ የማድ ቤት ካቢኔም፣ የመኝታ ቤት ቁም ሳጥንም እንደ አቅም ይደርሳሉ። በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ገመድና በወለል ሥር ያለፈ ቧንቧ ግን ካልፈረሰ አይገኝም፤ የሚፈርሰውም ልጆች በሚተኙበትና ምግብ በሚበስልበት ቤት ውስጥ ነው።

የእንጀራ ምጣድን ብቻ ለአብነት ላንሣ። በገበያ የሚገኙት የኤሌክትሪክ ምጣዶች አብዛኛዎቹ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል የሚፈልጉ ሲሆን፣ ይህ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር ይደርሳል። ተራ ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ነው፤ ወደ እርሱ የሚዘረጋውም ብዙውን ጊዜ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ፣ ማቀዝቀዣንና ሌሎች ሶኬቶችንም በአንድ ላይ የሚመግብ ገመድ ነው። ሊጡ እስኪያልቅ ድረስ ምጣዱ ከሶኬቱ ስለማይነቀል፣ ገመዱ በልስኑ ውስጥ ሆኖ ይግላል፤ መገጣጠሚያው ላይ ሽፋኑ እየጠቆረና እየተሰባበረ ይሄዳል። ስለዚህ ለምጣድ ከማከፋፈያ ሳጥኑ ተነሥቶ ለብቻው የሚሄድ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ፣ የራሱ ብሬከር እና በትክክል የታሰረ የመሬት መስመር ያስፈልገዋል። ማድ ቤቱ እንደ ብዙዎቻችን ግቢ ከዋናው ቤት ጀርባ ከሆነ ገመዱ ስለሚረዝም 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሻላል። የመሬት መስመርን ጉዳይ አጥብቄ የምናገረው፣ ሦስተኛው ገመድ በየሶኬቱ ተስቦ ከምድር ጋር ሳይገናኝ የቀረባቸውን ቤቶች በዓይኔ ስላየሁ ነው። የሻወር ውኃ ማሞቂያ ባለበት ቤት ይህ ጉድለት ነፍስ ያጠፋል።

ወደ ውኃው ስንመጣ፣ ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ በሙቀት እየተበየደ የሚያያዝ ስለሆነ በጥሩ ባለሙያ እጅ ሲሠራ ዕድሜው ረጅም ነው። በችኮላ የተበየደ መጋጠሚያ ግን ጉዱ የሚታወቀው ግፊት ሲያገኝ ነው፤ በከተማችንም ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ በአዳዲሶቹ ሰፈሮች ደግሞ መስመሩ ራሱ ገና ስላልደረሰ፣ ቧንቧው አንድ ጠብታ ውኃ ሳያይ ሴራሚክ ይለበስበታል። በሰፈራችን አንድ ቤተሰብ በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር የሚዋሰነው የመኝታ ክፍል ግድግዳ እስከ ጉልበት ድረስ ረጠበ፣ ቀለሙ ተላጠ፣ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር አወጣ። ሴራሚኩ ሲፈረስ የተገኘው አንድ በወጉ ያልተበየደ ክርን፣ ማለትም የቧንቧ ማጠፊያ ነበር። ያንኑ ዓይነትና ቀለም ሴራሚክ መልሶ ማግኘት ስላልተቻለ የግድግዳው ልብስ በሙሉ ተቀየረ። ይህ ሁሉ ጥፋት የግፊት መለኪያ ባለው የእጅ ፓምፕ ቧንቧውን ከሚሠራበት ግፊት በአንድ ተኩል እጥፍ ሞልቶ የመለኪያው ንባብ መውረድ አለመውረዱን በመመልከት ብቻ ይቀር ነበር።

ወለሉም እንዲሁ ይፈተሻል። ከበር ወደ ፍሳሽ መውረጃው በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር መዳፋቱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ሴራሚክ ሳይነጠፍ መውረጃውን ደፍኖ ውኃ አቁሞ ማሳደር ነው። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነን መታጠቢያ ቤት 3 ሳንቲ ሜትር ለመሙላት የሚያስፈልገው 120 ሊትር፣ ማለትም ስድስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። ውኃ በሚቸግረን ከተማ እንኳ ይህ አይበዛም።

በአዘዞ በኩልና ዋልካ አፈር ባለባቸው ሌሎች ሰፈሮች ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። እርሱ ሳይነሣና በምትኩ ገረጋንቲ በንብርብር እየተሞላ፣ እየራሰና እየተደመደመ ሳይመለስ የተሠራ ወለል ምንም ዓይነት ሴራሚክ ቢነጠፍበት ይነቀላል።

ልስንን በተመለከተ ግን በከተማችን የሚታየው ችግር ከእውቀት ማነስ ይልቅ ከቀን አቆጣጠር የሚመጣ ነው። ሁሉም ሰው የጥምቀት እንግዳውን በአዲሱ ቤት መቀበል ይፈልጋል። ምኞቱን በሚገባ እረዳዋለሁ፤ የጎንደር ሰው ጥር 11ን ከዘመድ ወዳጁ ጋር ነው የሚያከብረው። ይሁን እንጂ ልስኑ በታኅሣሥ አጋማሽ ተለስኖ ገና ሳይደርቅ ይቀባና በቀጣዩ ክረምት ቀለሙ ይነፋል፣ ይረግፋል። የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ ለ7 ቀናት ጠዋትና ማታ ውኃ መጠጣት አለበት፤ ካልጠጣ ሲነኩት ዱቄት ይሆናል፣ ሲያንኳኩትም ከግድግዳው እንደለቀቀ በድምፁ ያስታውቃል። ቀለም የሚቀባው ደግሞ ወደ አራት ሳምንት ገደማ ከቆየ በኋላ ነው። የከተማችን የውኃ ግድብ አንገረብ በደለል እየተሞላ፣ በጋው በገፋ ቁጥር ውኃ እያጠረና በቦቴ እየተገዛ ባለበት ሁኔታ፣ ልስንን ክረምቱ እንደወጣ በጥቅምት መጀመር ሁለት ጥቅም አለው፤ ውኃ ሳይርቅ ግድግዳው ይጠጣል፣ ለጥምቀትም ደርቆ ይደርሳል። ይህ ካልተቻለ ሳይቀባ መግባት ነው። ባልተቀባ ግድግዳና በሊሾ ወለል እንግዳ መቀበል ነውር የለበትም፤ እኛ ያደግነው በጭቃ ቤት ነው፣ እንግዳም ጠፍቶ አያውቅም።

በዚህ አጋጣሚ ለሚመለከታቸው ሦስት ጥያቄ አለኝ። የከተማው የግንባታ ክትትል ባለሙያዎች መሠረትና አምድ ሲሞላ እንደሚመጡ ሁሉ፣ ገመዱና ቧንቧው በልስን ከመሸፈኑ በፊትም አንድ ጊዜ ቢመጡ ብዙ ቤት ይድናል። የውኃ መስመር ለሚዘረጉትም፣ በማኅበር በተሰጡ ቦታዎች ላይ ሰዉ ገብቶ መኖር እስኪጀምር ሳይጠብቁ ቢያንስ አንድ የጋራ ቦኖ በማጠናቀቂያው ሥራ ጊዜ እንዲደርስ ቢያደርጉ፣ ለግንባታ ከቦቴ የሚገዛውን ውኃ ያስቀራሉ። የቤት ማኅበራት ኮሚቴዎች ደግሞ ከአባላት በሚዋጣ ገንዘብ አንድ የግፊት መፈተሻ ፓምፕ ገዝተው በተራ ቢያገለግሉበት፣ ለእያንዳንዱ አባል የሚደርሰው መዋጮ አንድ ካርቶን ሴራሚክ አይገዛም።

ቤት ሠሪው በበኩሉ ልስን ሊጀመር ሲል ሜትር ከግድግዳው ጋር አስደግፎ፣ ገመድና ቧንቧ ያለፈበትን ሁሉ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ከቤቱ ካርታ ጋር እንዲያስቀምጥ እለምናለሁ። መጋረጃ ሲሰቀል፣ ቁም ሳጥን ሲታሰር፣ ሮቶ ሲቀየር ያ ፎቶ ይፈለጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ፎርማን፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር