«ለጨዋታ ነው እንዴ የላክነው?»፦ የጥበብና ቴክኖሎጂ ክበብ የዘንድሮ ዘገባ

ክበባችንን የማያውቅ ካለ፣ እዚህ ደሴ ት/ቤታችን ውስጥ ረቡዕ ከሰዓት ከላይብረሪው ጀርባ የሚሰማው ጫጫታ የእኛ ነው። ሌሎቹ ክበባት አርብ ይሰበሰባሉ። እኛ አርብን የተውነው ጁምዓ ስላለ ነው። ግማሹ ልጅ መስጊድ ሄዶ ግማሹ እዚህ ሲጫወት ደስ አይልም። አባሎቻችን ከኦ ክፍል እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ናቸው። በቁመት ከክበባቱ ሁሉ እናንሳለን። በድምፅ ግን ሚኒ ሚዲያም አይደርስብንም።

ዓመቱን ሙሉ ከወላጆች የሰማሁት ጥያቄ አንድ ነው። «ልጃችንን ለጨዋታ ነው እንዴ የላክነው?» አንዳንዱ እየሳቀ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ የምሩን ነው። መልሴ አዎ፣ ለጨዋታ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ የትንንሽ ልጆች ማስተማሪያውን ሲከፍት፣ ለልጆቹ ያዘጋጀላቸው ባለቀለም የክር ኳስ፣ ከእንጨት የተሠራ ድቡልቡል፣ ኩብና ሲሊንደር ነበር። መዋዕለ ሕፃናት የምንለው ነገር መነሻው እዚያ ነው። ስለዚህ ጨዋታን እኔ አላመጣሁትም። ቅሬታ ያለው ወላጅ ለፍሮብል ይንገርልኝ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። የመረጃ ቴክኖሎጂ ግን የሚመጣው 7ኛ ክፍል ሲደርሱ ነው። መሀሉ ረጅም ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጁ ስልክ መነካካትን ከታላቅ ወንድሙ ይለምዳል። ስልኩ የታዘዘውን የሚሠራ ዕቃ መሆኑን፣ ትዕዛዙንም የጻፈው ሰው መሆኑን ግን ማንም አይነግረውም። እኛ የገባነው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ኮምፒውተር የለንም። የነበሩት በ2014ቱ ጦርነት ከሌላው ንብረት ጋር ሄደዋል። ነገሩን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። እና ኮምፒውተሩ ልጆቹ ራሳቸው ሆኑ።

የሮቦት ጨዋታ እንለዋለን። ሜዳው ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ እናሰምራለን፤ ሳጥኖቹን ብቻ እናበዛቸዋለን። አንዱ ልጅ ሮቦት፣ ሌላው አዛዥ ይሆናል። ሮቦቱ የተባለውን ብቻ ነው የሚያደርገው። «ሁለት ወደፊት። ወደ ቀኝ ዙር። አንድ ወደፊት። ጠጠሩን አንሣ።» አዛዡ «ቁም» ማለት ከረሳ ሮቦቱ ሄዶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ። ከዚያ ትዕዛዙ የቱ ጋ እንደተበላሸ ወደኋላ ሄደው ይፈልጋሉ፣ ያርማሉ፣ እንደገና ይሞክራሉ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው። እነ ሲይሞር ፓፐርት እ.ኤ.አ. በ1967 ለልጆች ብለው ሎጎ የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ሠሩ። በኋላ መሬት ላይ የምትሄድ «ኤሊ» የተባለች ሮቦት ተጨመረችበትና ልጆች እንዲሁ ወደፊት፣ ወደ ቀኝ እያሉ ያዝዟት ጀመር። የእኛ ኤሊ ባትሪ አይፈልግም። ቁርሱን ከበላ ይበቃዋል። የኦ ክፍል መምህራን ልጆቹ ግራና ቀኝን ቶሎ መለየት መጀመራቸውን ነግረውኛል፤ ምስክር ከተፈለገ እነሱን ጠይቁ።

ስብሰባዎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ጥቅምት ላይ ደንብ አወጣን፣ ሊቀመንበርና ጸሐፊ መረጥን። ጸሐፊዋ መጻፍ ገና እየተማረች ናት። ዕቅድ አስገብተናል፣ የመንፈቅ ዓመት ሪፖርትም አቅርበናል። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ።

ከገና በኋላ ወደ ብርሃን ዞርን። ከተሰበሩ የእጅ ባትሪዎች ትንንሾቹን የኤልኢዲ አምፖሎች አወጣን። ሁለት ባትሪ ድንጋይ ጫፍ ለጫፍ ሲገጠም 3 ቮልት ይሆናል፤ ለአንዷ አምፖል ይበቃታል። ሽቦ ሲያልቅብን የማስቲካ ብርማ ወረቀት ተጠቀምን። አንዷ ልጅ ድመት ስላ አምፖሏን ዓይኗ ላይ ሰካችው። እምቢ አለ። ነቀለችና ገልብጣ ሰካችው፤ የድመቷ ዓይን ቦግ አለ። «ቲቸር፣ ተገልብጦ ነው የሚገባው!» እያለች ግቢውን ዞረች። ኤልኢዲ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑን ከዓመታት በኋላ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ይነግሯታል። ያን ጊዜ «አውቀዋለሁ» ትላለች።

በጠርሙስም ሙዚቃ ሠርተናል። አምስት የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ደርድሮ ውሃውን ማበላለጥ ነው። በማንኪያ ሲመታ ውሃ የበዛበት ድምፁ ይወፍራል፣ ያነሰበት ይቀጥናል። አምስት ማድረጋችን ያለነገር አይደለም፤ ቅኝቶቻችን አምስት ድምፅ ናቸው። የግቢያችን ጥበቃ ጆሯቸው ልዩ ነው። አንድ ቀን ከበር ላይ ሆነው ሲሰሙን አላስቻላቸውም። መጥተው «ይቺን ቀንሷት፣ ይቺን ጨምሩላት» እያሉ ጠርሙሶቹን ትዝታ ላይ አስቀመጡልን። የባቲና የአምባሰል አገር ልጅ ቅኝት ሳያውቅ ማደጉ ነውር ነው ብለውም ተቆጡን።

አሁን ወደ ጉብኝታችን ልምጣ። ዕቅዱ ሐይቅ መሄድ ነበር። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የመኪናው ገንዘብ ግን አልተፈቀደም። ምክንያቱን የሚያውቁ ያውቁታል። ልጆቹን «ቀርቷል» ከምላቸው ብዬ አንድ ወላጅ የጠቆሙንን ሸማኔ ቤት በእግር ልንሄድ ወሰንን። ከጦሳ ተራራ ላይ የወረደው ጉም ገና አልተገለጠም። በሁለት በሁለት ተያይዘው፣ ጋቢ የደረበም ጃኬት የለበሰም፣ ቁልቁል ወረድን።

ሸማኔው አባት በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ፣ ድሩ ከፊታቸው ተወጥሯል። አንዱን መርገጫ ሲጫኑ ከድሩ ግማሹ ክር ይነሣል፣ ግማሹ ዝቅ ይላል። በመሀሉ መወርወሪያው ሹልክ ብሎ ያልፋል። ማጉን ወደራሳቸው ጠቅ ጠቅ አድርገው ያጠጋጉታል። ከዚያ ሌላኛው እግር። ልጆቹ ሁሉ መወርወሪያውን ተከትለው አንገታቸውን ከግራ ቀኝ፣ ከቀኝ ግራ ይወረውራሉ።

አንዲት የ1ኛ ክፍል ልጅ ብቻ መወርወሪያውን አላየችም። ስሟን አልጽፍም፤ መምህራኖቿ ያውቋታል። ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን የሰማ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በሮቦት ጨዋታም ሁልጊዜ ሮቦት እንጂ አዛዥ ሆና አታውቅም፤ ሮቦት አይናገርማ። ያን ቀን በሆዷ ተኝታ ጉድጓዱ ውስጥ እግራቸውን ታያለች። ጠጋ ስል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ግራ። ቀኝ። ግራ። ቀኝ።» ትላለች።

ቀና ብላ ጠየቀቻቸው። «አባባ፣ እርስዎን ማን ነው የሚያዝዎት?»

እጃቸውን አቆሙ። መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ እኔም ልጅቷ መናገሯ ገርሞኝ ማስረዳት ረሳሁ። ከዚያ ሳቁ። «ጥለቱ ነዋ የሚያዘኝ፣ ልጄ! እኔማ ታዛዥ ነኝ።» ወደ ጫፉ ጥለት ወስደው አሳዩዋት። ሦስት ክር አንሣ፣ ሁለት ዝለል፣ ሦስት አንሣ። ቀዩን አሳልፍ። አሁን አንድ ጨምር። በጣታቸው እየቆጠሩ ነው።

«ከተሳሳቱስ?»

«የተሳሳትሁበት ድረስ እፈታለኋ። ከዚያ እቀጥላለሁ።»

«እኛም እንደዚያ ነው የምናደርገው» አለቻቸው። የሥራ ባልደረባ ለሥራ ባልደረባ እንደሚያወራ ነው ያለችው። ፈገግ እንኳ አላለችም።

መወርወሪያውን ሰጧት። ወረወረችው፤ መሀል ላይ ቀረ። «አብሽሪ» አሏትና ደግማ ወረወረች። ሁለተኛው ዘለቀ። ያቺ ቀይ ማግ አሁን የአንድ ሰው ነጠላ ጫፍ ላይ አለች። ማን እንደለበሰው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ቡና ሳትጠጡ አትሄዱም ተብለን ልጆቹ ቆሎ ዘግነው ተቀመጡ። ሲመርቁን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል «አሚን» አለ። ገንዘብ አልተቀበሉንም። ት/ቤቱ ቢያንስ የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው ጠይቄ ነበር፤ እስካሁን አልተጻፈም።

በሚቀጥለው ረቡዕ ልጅቷ የጫማ ካርቶን ይዛ መጣች። ጫፍና ጫፉን በመቀስ ጠርበን ክር ወጠርንበት። ከዚያ የሒሳብ ደብተሯ ካሬዎች ላይ ጥለት በቀለም ነደፈች። ቀይ ካሬ ክሩ ይነሣ፣ ባዶ ካሬ ክሩ ይለፍ። ሌላ ልጅ እንዲያነብላት አስቀመጠችና እሷ ሠራች። ቆየት ብሎ ደግሞ ተቀያየሩ። አነበበች፣ እሱ ሠራ። አዛዥ ሆነች ማለት ነው። ድምፅዋ አሁንም ዝቅ ያለ ነው፤ ልጆቹ ግን እሷ ስታነብ ዝም ይላሉ።

«ጥበብን ከቴክኖሎጂ ምን አገናኘው?» ለሚሉኝ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ልንገራቸው። ፈረንሳዊው ዦዜፍ ማሪ ዣካር እ.ኤ.አ. በ1804 ጥለቱን ከተበሳ ካርድ ላይ የሚያነብ የሽመና መሣሪያ ሠራ። ካርዱ ላይ ቀዳዳ ካለ ክሩ ይነሣል፣ ከሌለ ባለበት ይቆያል። በ1830ዎቹ እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ይህንኑ ካርድ ሊሠራው ላቀደው የስሌት ማሽን ተዋሰው። በሃያኛው ክፍለ ዘመንም ኮምፒውተሮች ለብዙ ዓመታት ትዕዛዝ የሚቀበሉት በተበሳ ካርድ ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተርን ከሸማኔ ቤት ብንጀምር የሚያስቅ ነገር የለውም። የልጅቷ የሒሳብ ደብተር ካሬዎችም ከዣካር ካርድ ብዙም አይርቁም።

ለወላጆች ቀን ደሴን በካርቶን ሠራን። ቤቶቹ መስኮታቸው ይበራል፣ አይጠየፍ አዳራሽ አለ፣ ከፒያሳ እስከ ሆጤ በቆርኪ ጎማ የሚሄዱ ባጃጆች አሉ። ጦሳን በአሮጌ ጋዜጣና በዱቄት ሙጫ አቁመን አረንጓዴ ቀባነው። የሚቀመጥበት ክፍል ስለሌለን ግን ጋኖችና የተሰበሩ ዴስኮች በተከመሩበት ጥግ አሳደርነው። ጠዋት ስንመጣ አይጥ የጦሳን ግማሽ በልቶታል። አንዳንዶቹ ልጆች አለቀሱ። አንዱ ግን የተበላውን ቦታ አይቶ «ቲቸር፣ ገደል ነው እንበል» አለ። ገደል አልነው። ወላጆችም አድንቀውልናል፤ «ገደሉ እውነት ይመስላል» ያሉ ነበሩ። ከመስኮቶቹ ሦስቱ አልበሩም። ባትሪ ድንጋዩ ከኪሴ የተገዛ ስለነበር አሮጌውንም ቀላቅለን ነው የሠራነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለኳስ ክበብ መለያ ሲገዛ ደስ ብሎኛል፤ ልጆቻችን ናቸው፣ አሸንፈውልናልም። ያው ገንዘብ ወደ መቀስ ሲዞር ግን የት እንደሚገባ እንጃ። የክበባችን መቀሶች በጣት ይቆጠራሉ። ከእነሱም አንዱ የባለቤቴ ነው፤ በየሳምንቱ ትጠየቃለች። የምንፈልገው የሚያስደነግጥ አይደለም። ጫፉ ያልሾለ መቀስ፣ ሙጫ፣ ቀለም፣ ክር፣ ባትሪ ድንጋይ። ለት/ቤቱ ከሚሰጠው የድጎማ ገንዘብ፣ ከስኩል ግራንቱ፣ ትንሽ ቢመደብልን ዓመቱን ያደርሰናል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባላት የሆናችሁ ወላጆች በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አንሡልን።

ከሁሉም የሚብሰው የክፍል ነገር ነው። ከላይብረሪው ጀርባ ያለው ዕቃ ቤት ባብዛኛው የሞላው በማይጠገኑ ዴስኮች ነው። እነሱ ቢወገዱ ወይም ለእንጨት ሥራ ቢሰጡን፣ ክፍሉን ራሳችን እናጸዳዋለን፣ እንቀባዋለን። አይጡንም እኛው እንነጋገረዋለን። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሸማኔው አባት ድር የሚወጠርበት አሮጌ እንጨት እንደሚሰጡን ቃል ገብተውልናል። ማስቀመጫ ስለሌለን እስካሁን እሳቸው ዘንድ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ክረምቱን የጫማ ካርቶን፣ ቆርኪ፣ የተሰበረ የእጅ ባትሪና ትራፊ ክር አትጣሉብን። በር ላይ ለጥበቃው ስጧቸው፤ ያስቀምጡልናል። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው። የክፍሉ ጥያቄ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ገብቷል። የተሰጠንን መልስ በሚቀጥለው ዓመት እትም ላይ እዚሁ እጽፈዋለሁ።