ለጥንቸል ትልቅ ጠመንጃ አትግዛ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን የሚኖር አንድ ወጣት «ፈቃድ ላወጣ ነው፤ ለጥንቸል አደን መጀመሪያ የትኛውን ጠመንጃ ልግዛ?» ብሎ መጠየቁን በዚሁ ገጽ አነበብኩ። ባለፈው እትም ሁለት ሰዎች መልሰውለታል። አንደኛው «ከገዛህ አይቀር ጠንከር ያለውን ግዛ» ይላሉ። ሌላኛው «ቶሎ ቶሎ የሚተኩሰው ይሻልሃል» ይላሉ። ልጁ ይህን ምክር ይዞ ሱቅ ሳይገባ የእኔን ደብዳቤ እንድታደርሱልኝ እለምናለሁ።

አንዳንድ አንባቢ «ወሎ ተቀምጦ ስለ ጠመንጃ ማውራት ምን ይሉታል?» ሊል ይችላል። በ2014 እኔም እዚሁ ደሴ ነበርኩ። የጥይት ድምፅ በቃን። የምጽፈውም ለዚህ ነው። ጠመንጃ በስሜት መገዛት የለበትም።

በ1985 ሜልቦርን ገብቼ 26 ዓመት ኖሬአለሁ። እርድ ቤት ነበር የምሠራው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እሁድ እሁድ ሜልቦርን ወዳለችበት ክፍለ ግዛት፣ ወደ ምዕራብ ቪክቶሪያ የበግ እርሻዎች ይወስደኝ ነበር። ጥንቸል እዚያ አገር መቅሠፍት ናት። በፈረንጆቹ 1859 አንድ ባለ ርስት ለአደን ብሎ ከእንግሊዝ 24 ጥንቸሎች አስመጣና ዊንቼልሲ የምትባል ከተማ አጠገብ ያኖራቸው ጀመር። ከዚያ ተራብተው አገሩን ሞሉት። በፈረንጆቹ 1950 ሆን ተብሎ በሽታ ተለቀቀባቸው። ብዙ አለቁ፤ ግን መልሰው በዙ። የእኛ አገሯ ጥንቸል ሣር ውስጥ ተኝታ ነው የምትውለው። የእነሱ ግን ጉድጓድ ትቆፍራለች። መሬቱን ወንፊት ታደርገዋለች። ስለዚህ ገበሬው ጨዋ አዳኝ ሲያገኝ በሩን ከፍቶ ይቀበላል።

አሁን ወደ ጠመንጃው ልምጣ። መጀመሪያ ግን ከአገር ቤት ይዘነው ስለምንሄደው ሐሳብ ላንሣ፤ እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው።

ያደግኩት ሐይቅ አጠገብ ነው። አባቴ ምንሽር ነበረው። ከምሶሶው ላይ ነበር የሚሰቀለው። ለሰርግም ለለቅሶም ይነገታል። ጠመንጃ እኛ ዘንድ ማዕረግ ነው። ሰው የሚጠይቀው «ምን ያህል ይመታል?» ብሎ እንጂ «ምን ያህል ያነጣጥራል?» ብሎ አይደለም። አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ አባቴ አንድ ጥይት አጎረሰና ሰጠኝ። ሰደፉ ትከሻዬን ሲመታኝ ወደ ኋላ ወደቅኩ። ሳምንት ሙሉ ክንዴ አልነሣ አለኝ። ከዚያ በኋላ ቃታ በሳብኩ ቁጥር ዓይኔ በራሱ ይጨፈናል። ሜልቦርን ድረስ ተከተለኝ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚተኩስ ሰው ምን ሊመታ ነው?

ታዲያ ፈቃድ ሳወጣ የወሎ ልብ ይዞኝ ገባ። ሱቅ ውስጥ ትንሽ ጥይት የምትተኩሰውን፣ ትዌንቲ ቱ (.22) የሚሏትን ቀጭን ጠመንጃ አየሁና የልጅ መጫወቻ መሰለችኝ። ለቀበሮ የሚሆን፣ ጥይቱ ረዘም ያለ ጠመንጃ ገዛሁ። የመጀመሪያዋን ጥንቸል 60 ሜትር ላይ መታኋት። ሄጄ ሳያት ከእግሮቿ በቀር የሚበላ ነገር አልቀረላትም። ከነሕይወቷ የነበረችው እንስሳ እንዲያ ሆና ሳያት አፈርኩ። ልበላት ነበር የወጣሁት፤ በከንቱ ገደልኳት። ጠመንጃውን በሁለት ወሩ ሸጥኩት።

በምትኩ የገዛሁት ያችኑ የናቅኳትን ትዌንቲ ቱ፣ ያገለገለ ብርኖ ሞዴል 2 ነው። ቼኮዝሎቫኪያ የተሠራ ነው። ካዝናው አምስት ጥይት ይይዛል። ሰደፉ ላይ የቀድሞው ባለቤት ያስቀረው ጭረት ነበር። 20 ዓመት ያህል ከእሱ ሌላ አልነካሁም።

ወንድሜ፣ ሪምፋየር የሚሉት ይህን ነው። የክላሽን ቀለህ ከበስተኋላው ብታየው መሐሉ ላይ ክብ ነገር አለችው። መርፌው የሚመታት እሷን ነው። የሪምፋየር ቀለህ ግን ኋላው ልሙጥ ነው። የሚያቀጣጥለው ነገር ያለው ጠርዙ ውስጥ ዙሪያውን ነው፤ መርፌውም ጠርዙን ይመታል። ስለዚህ ቀለሁ ቀጭን መሆን አለበት፣ ባሩዱም ጥቂት። የትዌንቲ ቱ እርሳስ 2.6 ግራም ያህል ነው። የክላሽ 8 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ፍጥነቱም እጥፍ ገደማ ነው። ትዌንቲ ቱ ትከሻህን አይመታህም፣ ጆሮህን እንደ ትልቁ አያደነቁርህም። በእሷ ነው ዓይኔን ሳልጨፍን መተኮስ የተማርኩት። ብዙ ተኩሰህ ብዙ መማር ትችላለህ፤ ጥይቷ ከሁሉም ርካሽ ናትና።

ደግሞ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ የሚያጎርሱትን ግዛ። «ቶሎ ቶሎ የሚተኩሰው» ያሉት ወንድማችን ምናልባት ራሱ የሚያጎርሰውን ትዌንቲ ቱ፣ ሩገር 10/22ን አስበው ይሆናል። ጥሩ መሣሪያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከፈረንጆቹ 1964 ጀምሮ ሲሸጥ ኖሯል። ቪክቶሪያ ላለ ተራ ፈቃድ ያዥ ግን አይፈቀድም። በፈረንጆቹ ሚያዝያ 1996 ታዝማኒያ ውስጥ ፖርት አርተር ላይ አንድ ሰው 35 ሰው ገደለ። መንግሥት ሕጉን ቀየረ። ከስድስት መቶ ሺህ በላይ መሣሪያ በገንዘብ ገዝቶ አጠፋ። ያ ባልደረባዬ ከአባቱ የወረሳትን፣ ራሷ የምታጎርስ ትዌንቲ ቱ ይዞ ሄዶ አስረከበ። አብሬው ነበርኩ። መኪና ውስጥ ስንመለስ ብዙ አልተናገረም። «ልጆች አሉኝ» ብቻ አለ።

ሕጉ ባይከለክል እንኳ እኔ ለጀማሪ አልመክርም። በእጅ ስታጎርስ በአንዱና በሚቀጥለው ጥይት መሐል ትንፋሽ አለ። በዚያች ትንፋሽ ታያለህ፣ ታስባለህ። አጥር ስትሻገር መቀርቀሪያውን ነቅለህ ኪስህ ትከታለህ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ጓደኛህ ከሩቅ ያያል።

ትንሽ ናት ብለህ ግን እንዳትንቃት። ይህን የምለው በእኔ ስለደረሰ ነው።

አንድ ማለዳ የእርሻው ኩሬ ዳር አንዲት ጥንቸል ተቀምጣ አየሁ። 40 እርምጃ ብትርቅ ነው። ከኋላዋ ውሃ ብቻ ነበር። ውሃ ለስላሳ ነው፣ ጥይት ይውጣል ብዬ አሰብኩ። ተኮስኩ፤ ሳትኳት። ጥይቷ ውሃውን ነክታ ነጠረች። ስታፏጭ ሰማኋት። ወዲያው ከማዶ፣ በጎቹ ከሚሸለቱበት ቤት ቆርቆሮ ላይ «ጣ!» አለ። እግሬ ከዳኝ። ጠዋት ጠዋት ገበሬው እዚያ ቤት ውስጥ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ጠመንጃውን ከፍቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩና በሩጫ ሄድኩ። ሰውየው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ደህና ነበር። ቆርቆሮው የተሰረጎደበትን ቦታ በጣቱ አሳየኝ። ከበሩ ሁለት ክንድ አይርቅም። አልጮኸብኝም። «ከኋላዋ ምን እንዳለ አየህ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያቺ ለስላሳ እርሳስ ከውሃና ከድንጋይ ላይ ትነጥራለች። ማሸጊያዋ ላይ እስከ አንድ ማይል ተኩል አደገኛ እንደሆነች ታነባለህ፤ ወደ 2.4 ኪሎ ሜትር ነው። ከጥንቸሏ ኋላ አፈር ከሌለ አትተኩስ። ኮረብታ ጫፍ ላይ ከቆመችም ተዋት። ቃታ ስበህ ካልፈነዳችም ቶሎ አትክፈት። አፈሙዙን ወደ አፈር እንዳዞርክ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቅ፤ አንዳንዴ ዘግይታ ትፈነዳለች።

ሱቅ ስትገባ እንዲህ አድርግ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ራስህ እይ። ዓይንህን ጨፍነህ ትከሻህ ላይ አድርገው፣ ጉንጭህን ሰደፉ ላይ አሳርፍ። ከዚያ ዓይንህን ክፈት። ማነጣጠሪያው ልክ ዓይንህ ፊት ከሆነ ጠመንጃው የአንተ ልክ ነው። አንገትህን መዘርጋት ወይም ማጎንበስ ካስፈለገህ ተወው፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር። ቃታው ሳይንቀጠቀጥና ሳይጎትት በንጽሕና መለቀቅ አለበት። ግን ሻጩን ሳታስፈቅድ ባዶውን ቃታ አትሳብ። ሪምፋየር ላይ መርፌው የጥይቱን ማረፊያ ጠርዝ መትቶ ሊጎዳው ይችላል። የጠመንጃ ሱቅ ውስጥ የተከበረ ሰው የሚታወቀው በዚህ ነው።

ስም ከፈለግህ፣ አዲስ ለሚገዛ ሲዜድ 457 ወይም ቲካ ቲ1ኤክስ ጥሩ ናቸው። ገንዘብ ካጠረህ ሳቬጅ ማርክ ቱ አያሳፍርህም። ያገለገለ ብርኖ ካገኘህ እኔ ሁሉንም ትቼ እሱን እወስዳለሁ። በጀትህን በሙሉ ጠመንጃው ላይ አትጨርሰው፤ ለመነጽርና ለጥይት አስቀር። አራት እጥፍ የሚያቀርብ ቀላል መነጽር ለጥንቸል ይበቃል።

ሱቅ ውስጥ 17 ኤች ኤም አር የምትባለውንም ያሳዩሃል። በፈረንጆቹ 2002 የወጣች ፈጣን ጥይት ናት። 100 ሜትር ላይ ቀጥ ብላ ትገባለች። ነገር ግን ውድ ናት፣ ሥጋም ታበላሻለች። ሁለተኛ ጠመንጃህ ትሁን።

ጥይቱን በተመለከተ እያንዳንዱ ጠመንጃ የሚወደው አለው። የእኔ ብርኖ ውዱን ጥይት ጠልቶ መካከለኛውን ወደደ። አራት አምስት ዓይነት ግዛና በእያንዳንዱ 50 ሜትር ላይ አምስት አምስት ተኩስ። እኔ የኛን የአንድ ብር ሳንቲም ኪሴ ይዤ ነበር የምዞረው። አምስቱ ቀዳዳ ሳንቲሟ ሥር ከተሸፈነ ያ ጥይት የጠመንጃህ ነው። ከድምፅ ፍጥነት በታች የምትጓዘውንና አፏ ጎድጎድ ያለችውን ምረጥ። ጸጥ ያለች ናት፤ የቀሩት ጥንቸሎች ቶሎ አይሸሹም። ከ50 ሜትር እስከ 100 ሜትር ስትሄድ ግን አንድ ስንዝር ገደማ ትወርዳለች። ስለዚህ ከ60 ሜትር በላይ አትሞክር። ጠጋ በል። ነፋሱን ፊትህ አድርገህ በሆድህ ተሳብ። ጭንቅላቷን ብቻ አነጣጥር። ሆዷን ከመታኻት ጉድጓዷ ገብታ ቀስ ብላ ትሞታለች፤ አንተ አታይም እንጂ።

እኔ ሙስሊም ነኝ። ቢስሚላህ ብዬ ነበር ቃታ የምስበው። በሕይወት ካገኘኋት ፈጥኜ አርዳታለሁ። ዓይኗ ያበጠ፣ ያዣት ከሆነች ያ ከላይ ያልኩት፣ ሆን ተብሎ የተለቀቀባቸው በሽታ ነው። ለሰው አይተላለፍም፤ እኔ ግን አልበላትም። ጤነኛዋን ቆራርጠህ ጨው ውሃ ውስጥ አሳድራት። ሽንኩርቱን በደንብ አቁላላ፣ በርበሬ ጨምር፣ ሁለት ሰዓት በዝግታ ትንተክተክ። ስብ የላትምና ዘይቱን አትሰስት። ወሎ አይደል፣ የእናቴ እናት ክርስቲያን ነበረች። ስልክ ላይ ስነግራት «ልጄ፣ ብታመሰኳም ሰኮናዋ አልተሰነጠቀም፤ እንዴት አፍህ ተጠጋት?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ጥንቸል አላነሣሁባትም። አንተም የጠረጴዛህን ሰው ጠይቀህ አቅርብ።

ይህ ሁሉ ለዚያ አገር ነው። እዚህ ላላችሁ የወሎ ልጆች ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ ወደ ባቲ ወይም ወደ ቦረና ሳይንት በረሃና ተራራ እንዳትወጡ። ያለ ፈቃድ አደን በሕግ የተከለከለ ነው። መሣሪያ መያዝም በአዋጅ 1177/2012 ፈቃድ ይፈልጋል።

ሜልቦርን ላለኸው ደግሞ፣ ጠመንጃው ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም አልጋ ሥር አይቀመጥም። የሚቆለፍ ካዝና፣ ጥይቱም ለብቻው። ለመጀመሪያ ጠመንጃ የመግዣ ፈቃዱ 28 ቀን ያስጠብቅሃል። አብሽር፣ አትቸኩል። በዚያ ወር ውስጥ ተኩስ ክለብ ሂድና ሞክር።

ስመለስ ብርኖዬን በሕጉ መሠረት ለእህቴ ልጅ አዛወርኩለት። እዚያው ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር ነው የሚኖረው። ዝግጅት ክፍሉ ስልኩን ይዟል፤ ደውልለት፣ ነግሬዋለሁ። እሁድ ጠዋት ክለብ ይዞህ ይሄዳል። ጠመንጃዋን እዚያ ትከሻህ ላይ አድርገህ ሞክራት። የብር ሳንቲሟም ከጠመንጃዋ ጋር ናት።

መ. ይ.
ከደሴ