ከሥራ መኪና ስለሚሰረቁ መሣሪያዎች

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ከባለሙያዎች መኪና ስለሚሰረቁ የሥራ መሣሪያዎች በተነሳ ቁጥር ንግግሩ ሁሉ ወደ ቁልፍ ያዘነብላል። እኔም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስሆን፣ ከሁለት ዓመት በፊት የሥራ መኪናዬ (ቫኔ) እስኪዘረፍ ድረስ ጠንካራ ቁልፍ ማስገጠም የሚበቃ ይመስለኝ ነበር። ሌባው ግን ቁልፉን አልነካውም፤ የተንሸራታቹን በር ወገብ በጉልበቱ ደግፎ የላይኛውን ጠርዝ ወደ ታች ስለሳበው ቆርቆሮው ታጥፎ ወርዶ፣ ቁልፉ እንደተቆለፈ አገኘሁት። ዛሬ በሩን ከግድግዳ አስጠግቼ አቆማለሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን ለፖሊስ ቃሌን ስሰጥ ነው። የተሰረቀብኝ ድሪል (የመብሻ ማሽን) ሲሪያል ቁጥር፣ ማለትም ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ ስንት እንደሆነ ስጠየቅ፣ ማርኩንና ቀለሙን ከመናገር በቀር መልስ አልነበረኝም። ተመሳሳይ ድሪል በሺህ የሚቆጠር ሰው እጅ ስላለ፣ ዕቃው ቢገኝ እንኳ የእኔ መሆኑን የማስረዳበት መንገድ የለም ማለት ነው። ስለዚህ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ከካርቶኑ ባወጣበት ዕለት ቁጥሩን ከደረሰኙ ጋር ፎቶ ያንሳ። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ስለሚጻፍ ላብና ዘይት ያጠፋዋል፣ ሌባም በጥፍሩ ይልጠዋል፤ በመሆኑም ስምን በግልጽ ከሚታየው አካሉ ላይ፣ ደግሞም ባትሪው ሲወጣ በሚታየው ቦታ መቅረጽ ይገባል።

ማታ ማታ ዕቃን ማውረድ ከሁሉም የተሻለ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሲደክም የዋለ ሰው ግን ሁሉንም አያወርድም። ቢያንስ መለኪያዎቹንና የባትሪ መሣሪያዎቹን ይዞ ይግባ። መድን የገባም ቢሆን፣ ሌሊት መኪና ውስጥ ያደረ ዕቃ መሸፈኑን ከውሉ ላይ አስቀድሞ ያንብብ።

የተሰረቀውን ድሪል የሚገዛው ሌላ ሰው ሳይሆን፣ ርካሽ ሲያገኝ ደረሰኝ የማይጠይቅ የሙያ ባልደረባችን ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣችው የመሣሪያ ስርቆት መከላከያ ሕግ፣ አዲስ መሣሪያ ሲሸጥ መለያ ምልክት እንዲደረግበትና ሻጩ መዝገብ እንዲይዝ መንግሥት ደንብ አውጥቶ ለማስገደድ ያስችለዋል። ያገለገሉ ዕቃዎችን የሚያሻሽጡ ድረ ገጾች ግን ሕግ ሳይጠብቁ፣ የሲሪያል ቁጥሩ ፎቶ ያልቀረበለትን መሣሪያ ለሽያጭ አናወጣም ማለት ይችላሉ፤ ጋዜጣዎ ይህን ጥያቄ እንዲያቀርብላቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ