ደብዳቤ ለልጄ፦ ድንጋይ ለምትወጣው መኪናሽ

የኔ እናት፣ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የሰመራን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ ጋራዡ ውስጥ ከበድ ያለ ሥራ የሚሠራው ጠዋትና ማታ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። እኔም ይኸው ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ።

የላክሽልኝን የሮክ ክራውለር፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ቀስ እያለች የምትወጣዋን የሪሞት መኪና፣ ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። በጣም ደስ ይላል። ዋጋውን ስትነግሪኝ ደግሞ እናትሽ ከጎንሽ "እንዴ!" ስትል ሰምቻታለሁ። እውነቷን ነው፣ ለተሠራ መኪና ያን ያህል ብር አናወጣም። ይቅርብሽ ማለቴ ግን አይደለም። እንሥራት። ካቻቢቴና ፒንሳ አያያዝሽን አውቀዋለሁ፣ ትችያለሽ።

ይሄ ነገር ድሮም ቢሆን በቤት ሥራ ነው ያደገው። ታሚያ የሚባለው የጃፓን ድርጅት በ1987 እ.ኤ.አ. ክሎድ በስተር የምትባል ትልልቅ ጎማ ያላት የሪሞት መኪና አወጣ። በፊትና በኋላ አክስሏ ላይ የየራሱ ሞተር አለው። ድንጋይ መውጣት ያማራቸው ሰዎች አክስሎቹን ፈተው ወሰዱና ሻንሲውን ራሳቸው ቆርጠው ሠሩ። የተዘጋጀ ክራውለር በየሱቁ መሸጥ የጀመረው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

ሥራ ከመጀመርሽ በፊት አንድ ነገር ይግባሽ። ብርሽን ፍጥነት ላይ አታጥፊ። የዚች መኪና ሙያዋ ቀስ ማለት ነው። እዚህ የምንጠግናቸውን ወደ ኤርታሌ የሚሄዱ ላንድ ክሩዘሮች ብታይ ወዲያው ይገባሽ ነበር። ሹፌሮቹ የላቫው ድንጋይ ጋ ሲደርሱ የጎማውን ነፋስ ይቀንሳሉ፣ ፎር ኤል፣ ማለትም አራቱንም ጎማ በከባዱ ማርሽ የሚያዞረውን፣ ያስገባሉ፣ ከዚያ ነዳጅ እምብዛም ሳይረግጡ መኪናው ራሱ በማርሹ ጉልበት እንዲሳብ ይተዉታል። እግረኛ ይቀድማቸዋል። የሚቸኩል ሹፌር መኪናውን ወደ እኛ ይዞት ይመጣል፣ ወይ ዲፈረንሻሉ ተመትቶ ወይ ጎማው ተቀዶ። ያንቺም መኪና ሕጓ ይኸው ነው።

ስለዚህ ከማርሹ እንጀምር። ቅዳሜ ከአጎትሽ ጋር መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱና ባትሪው የሞተ የ12 ቮልት ድሪል ፈልጉ። ሰው ድሪል የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ሲሞትበት ነው፤ ሞተሩና ማርሹ ጤነኛ ናቸው። ሻጩ ባትሪ አገናኝቶ እንዲያስነሳው ጠይቁት። ማርሹ ከተንኳኳ ወይም ሞተሩ የተቃጠለ ከሸተተ ተዉት፣ ሌላ አይጠፋም።

ቤት ስትገቢ መጀመሪያ የምትፈቺው የድሪሉን አፍ ነው። እስከ መጨረሻው ክፈቺውና ወደ ውስጥ እዪ፤ መሃል ላይ አንድ ብሎን አለ። አብዛኞቹ ላይ ይሄ ብሎን ጥርሱ የግራ ነው፣ የሚፈታውም ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይሄን ያላወቀ ሰው የፈታ እየመሰለው ያጠብቀዋል፣ በመጨረሻም የብሎኑን ራስ ይበላዋል። ብሎኑ ከወጣ በኋላ አፉ ራሱ እንደማንኛውም ዳዶ ወደ ግራ ዞሮ ይወጣል። ቀጥሎ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት አለ። እሱን የመብሻ ምልክቱ ላይ አድርጊና እዚያው አስሪው። ካላሰርሽው ድንጋይ ላይ ጉልበት ሲፈለግ "ትርርር" ብሎ ይለቃል።

አሁን ሒሳብ እንሥራ፣ አንቺ የምትወጂው ይሄን ነው። እንዲህ ያለ ድሪል በ12 ቮልት በደቂቃ 600 ጊዜ ይዞራል እንበል። እኛ የምንሰጠው 7.2 ቮልት ነው፤ ስለዚህ ወደ 360 ይወርዳል። ጎማሽ ዳር እስከ ዳር 11 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በአንድ ዙር 34.5 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። አባዢው፦ በደቂቃ 124 ሜትር፣ በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር። ለክራውለር ይሄ ሩጫ ነው። ነገር ግን አክስሉ ውስጥም ማርሽ አለ። ኤስሲኤክስ 10 በሚባለው ዓይነት አክስል ላይ ትልቁ ማርሽ 38 ጥርስ፣ ትንሹ 13 ጥርስ አለው፤ 2.92 ለ1 ማለት ነው። 7.5ን ለ2.92 ስታካፍዪው በሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ሰው ሲራመድ ወደ 5 ነው። በእኔ ግምት ትክክለኛው ፍጥነት ይሄ ነው፣ ከዚህ በላይ አትፈልጊ።

አክስሎቹን በሰው እጅ እናስመጣቸዋለን፣ ያገለገሉም ቢሆኑ ግድ የለም። ዲፈረንሻላቸው የተቆለፈ መሆኑን ብቻ ጠይቂ። ያልተቆለፈ ዲፈረንሻል አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲቀር ዙሩን ሁሉ ለእሱ ይሰጠዋል፣ መሬት የያዘው ጎማ ዝም ብሎ ይቆማል። በተቆለፈው ግን ሁለቱም እኩል ይዞራሉ።

የድሪሉ ማርሽ መውጫው አንድ ነው፤ እኛ ደግሞ ለፊትም ለኋላም እንፈልጋለን። ከሥሩ ከፊት ወደ ኋላ አንድ ዘንግ አጋድሚና በሁለት 608 ኩሽኔታ አስቀምጪው። ይሄ የስኬቲንግ ጫማ ኩሽኔታ ነው፤ የውስጥ ቀዳዳው 8፣ የውጪው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። እኩል ጥርስ ያላቸው ሁለት የብረት ማርሾች ዙሩን ከድሪሉ ወደ ዘንጉ ያወርዱታል፤ የዘንጉ አንዱ ጫፍ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ይሄዳል። ማርሾቹን የማስገጠሙን ሥራ እኔ ስመጣ አብረን ሞርሳው ላይ እንሠራዋለን። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ መኪናዋን አንሥተሽ ጎማዎቹን እዪ። የፊቶቹ ወደ ፊት፣ የኋለኞቹ ወደ ኋላ የሚዞሩ ከሆነ አትደንግጪ፤ የኋላውን አክስል ላዩን ወደ ታች ገልብጠሽ እሰሪው፣ ይስተካከላል።

ሻንሲው ባለ 3 ሚሊ አሉሚኒየም ይበቃዋል፤ በሲጌቶ ትቆርጪዋለሽ። ቦዲውን ከዘይት ጄሪካን ሥሪው። ልጅ ሆነን መኪና የምንሠራው ከሽቦና ከቆርኪ ነበር፣ ጎማው ደግሞ ያረጀ ነጠላ ጫማ ተቆርጦ። አንቺ ጄሪካን አለሽ፤ ቀላል ነው፣ ቢወድቅም አይሰበርም። ላሜራ ግን ላይዋን ያከብድባትና ትገለበጣለች።

ክብደት ከታች ነው የሚፈለገው፣ ያውም ወደ ፊት ጋደል ብሎ። ጎሚስታ ቤት ሂጂና ከአሮጌ ቸርኬ ላይ የተነሡ የባላንስ እርሳሶች ለምኚ። የፊት ቸርኬዎቹ ውስጥ ዙሪያውን ለጥፊያቸው። እርሳስ ስለሆነ ከነካሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ትንሹ ወንድምሽም እንዳይነካው። ከዚያ የእናትሽን የኩሽና ሚዛን ተዋሺ። የፊት ጎማዎቹን ሚዛኑ ላይ፣ የኋላዎቹን ሚዛኑን በሚያክል ደብተር ላይ አቁሚና አንብቢ። ቀጥለሽ አዙሪያት። ከመቶ 55 እስከ 60 ያህሉ ክብደት ፊት ላይ ከሆነ ዳገት ላይ አፍንጫዋ አይነሣም።

ብር የማንቆጥብባቸው ነገሮች አሉ። ጎማው ለስላሳ ላስቲክ ይሁን፣ ውስጡን ስፖንጅ ሙዪው። መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ ደግሞ የብረት ማርሽ ያለው ይሁን። ኤስጂ 90 የምትባለው ሰማያዊዋ ትንሽዬ ሰርቮ ለዚህ አትሆንም፤ ድንጋይ መሃል የተቀረቀረ ጎማ ስታዞር ጥርሷ ይረግፋል። ቢያንስ ኤምጂ 996 አር ይሁን። ክበባችሁ ውስጥ ለሮቦት የምትጠቀሙባትን የሞተር መቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ኤል 298 ኤንንም እዚህ አታምጫት። እሷ የምትችለው 2 አምፔር ነው፤ የድሪል ሞተር ድንጋይ ይዞት ሲቆም ከዚያ ብዙ እጥፍ ይስባል፣ ታጨሻለች። ኢኤስሲ የሚባለውን የብራሽ ሞተር መቆጣጠሪያ፣ 60 አምፔር የሚችለውን፣ ከፊውዝ ጋር እንገዛለን። እጅሽን ከሬዲዮው ላይ ስታነሺ ሞተሩን የሚይዝ ብሬክ ያለው ይሁን፤ ያለዚያ ዳገት ላይ ስትቆሚ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች።

ባትሪውን በተመለከተ አልከራከርሽም። ሊፖ የሚባለውን የሊቲየም ባትሪ አሁን አልፈቅድልሽም። ሊፖ አለአግባብ ከተሞላ ወይም ከተወጋ እሳት ይነሣል፣ እኔ ደግሞ ቤት የለሁም። ስድስት የኒኬል ሴል፣ እያንዳንዱ 1.2 ቮልት፣ ጠቅላላ 7.2 ይበቃሻል። ትንሽ ይከብዳል፣ እኛ ግን ክብደት ታች እስከሆነ ድረስ አንጠላም። ቻርጀሩ ለዚያው ለኒኬል የተሠራ ይሁን። ስትሞዪ አጠገቡ ሁኚ፤ ተኝተሽ አይሞላም።

መንዳቱን በሰፈሩ የኮብልስቶን ክምር ላይ ተለማመጂ። ድንጋዩን መሃል አታስገቢው፤ አክስሉ ላይ ተቀምጦ ያስቀርሻል። ጎማሽን ድንጋዩ ላይ አውጪው። እዚህ ረዳቱ ወርዶ ከፊት እየሄደ በእጁ "ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ በቃ!" ይላል፣ ሹፌሩም ያምነዋል። አንቺም ወንድምሽን ረዳት አድርጊው፣ ደስ ይለዋል።

በይ እንግዲህ፣ ቅዳሜ ድሪሉን ስታገኙ ከመፍታታችሁ በፊት በሁሉም ጎኑ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ፍጥነቱን የሚናገረው ጽሑፍ ጎኑ ላይ ካለ እሱንም ጨምሪ፤ ሒሳቡን በትክክለኛው ቁጥር እንደገና እንሠራዋለን። እናትሽን ሰላም በይልኝ፣ ሚዛኗን ከመውሰድሽ በፊትም አስፈቅጃት።

የሚወድሽ አባትሽ
ሰመራ