ለወላጆች፦ ስለ እናቴና ስለ አንድ የቤት ሥራ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እናቴ ካረፈች አርባ ቀን ሞላ። ድንኳን ውስጥ አብራችሁኝ ላመሻችሁ፣ ንፍሮ ለቀቀላችሁ፣ ውሃ ለቀዳችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዱዓ ያደረጋችሁልንንም አላህ ይቀበላችሁ። “አብሽሪ” ያላችሁኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በዚያ ሰሞን ብዙዎቻችሁ “እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?” ብላችሁኝ ነበር። እንባ እየቀደመኝ በወጉ አልመለስኩም። ዛሬ ልመልስ። ከዚያ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ።

እናቴ ጠያቂ ነበረች። በልጅነቷ ትምህርት ቤት አልገባችም። ፊደል የቆጠረችው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ታላቅ እህቴን አዝላ ነው። ማንበብ ከቻለች በኋላ ከእሷ ጋር እዚህ ደሴ ከሸዋ በር ፒያሳ ድረስ መሄድ ጊዜ ይፈጅ ነበር። የሱቅ ታፔላ ሁሉ ይነበባል፤ ያውም ድምፅ ወጥቶ። እኔ አፍር ነበር። በዚያ ማፈሬ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ ስንሄድ፣ ሐረጎን ስንወርድ ጆሯችን ይደፈናል። ሌላው ተሳፋሪ ምራቁን ይውጥና ዝም ይላል። እሷ ግን ሹፌሩን “ለምንድን ነው እንዲህ የሚሆነው?” ትለዋለች። እሱ ይስቃል። ሰባተኛ ክፍል ስደርስ መልሱን ይዤላት መጣሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ያን ያህል ስንወርድ የውጪው አየር ግፊት ይጨምራል። ጆሯችን ውስጥ ያለው አየር ግን ቶሎ አይከተለውም። ጸጥ ብላ ሰማችኝና “ታዲያ ሽቅብ ስንመለስስ?” አለች። እሱን አላጠናሁም። በማግስቱ የሳይንስ መምህሬን ጠየቅኩላት።

ቡና ስትቆላ ታንጎራጉራለች። የእናቷ ወገን ክርስቲያን፣ የአባቷ ወገን ሙስሊም ነበሩ። ይሄ ወሎ ውስጥ ብርቅ አይደለም፣ የብዙዎቻችሁም ቤት እንዲሁ ነው። እናም አንድ ረከቦት ላይ መዝሙሩም መንዙማውም ይሰማ ነበር። አረፋን አጎቶቼ ቤት፣ ፋሲካን እኛ ቤት አብረን ነበር የምንውለው።

ራዲዮ ላይ ክራሩ ገና ሲነካ “ባቲ ነው”፣ “ይሄስ አምባሰል ነው”፣ “አንቺ ሆዬ” ትላለች። ትዝታ ሲሆን ግን ስሙን አትጠራም። የያዘችውን ታስቀምጥና ትሰማለች። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ እንዳለው ስነግራት አላመነችኝም። በአምስት ድምፅ ሰው ይህን ያህል ሆዱ ይባባል? አንድ ቀን ሰርግ ቤት አዝማሪውን አስቁማ ማሲንቆውን በእጇ ዳሰሰች። የፈረስ ጭራ፣ ያውም አንድ ክር ብቻ። “ይቺ አንድ ክር ይህን ሁሉ ከየት ታመጣዋለች?” አለችው። ደግ ሰው ነበር። ክሩ በጣቱ ባጠረ ቁጥር ድምፁ እንደሚቀጥን ቀስ ብሎ አሳያት። ቤት ስንገባ የሰርግ ልብሷን ሳታወልቅ ባዶ ጣሳ ላይ ላስቲክ ወጥራ ሞከረችው። እስኪመሽ አምስት ልጆቿ ተራ ይዘን ጣሳውን መታን።

ሰኔ 14 ቀን 2012፣ እሑድ ማለዳ፣ ፀሐይ ላሊበላ ላይ ቀለበት መስላ በታየችበት ቀን፣ ጉልበቷ ደክሞ ነበር። ትምህርት ቤቱም በኮሮና ተዘግቷል። እሷ ግን ካርቶን በመርፌ በስታ የልጅ ልጆቿን ግቢ አወጣች። ጀርባቸውን ለፀሐይ አሰጥታ፣ ወረቀት ላይ ያረፈችውን የተገመሰች ትንሽ ፀሐይ አሳየቻቸው። ሽቅብ እንዳያዩ ስትቆጣ ድምጿ ጎረቤት ይሰማ ነበር።

የሚቆጨኝ ይኸው ድምጿ ነው። እንጉርጉሮዋ የተቀዳበት ካሴት ነበረን። በ2014 ጥቅምት በጦርነቱ ከተማውን ለቀን ስንወጣ ለእሷ እንጂ ለካሴት ማን አስቦ። ስንመለስ ቤቱ ባዶ ሆኖ ጠበቀን። ዛሬ በእጄ ያለው ስልኬ ላይ የተገኘ 40 ሴኮንድ ነው። ግማሹ የቡና ቁሌት ነው። መሃል ላይ “ይሄ ነገር እየቀዳ ነው እንዴ?” ትላለች። ከዚያ ትስቅና ያልቃል።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ልጆቻችሁ እናታቸውን ወይም አያታቸውን በስልክ ይቅዱ። እሹሩሩ ይሁን፣ መዝሙር ይሁን፣ መንዙማ ወይም የሰርግ ዘፈን፣ የቤታችሁ ነው። ዜማ አልችልም የምትል እናት በልጅነቷ ጠይቃ መልስ ያጣችለትን አንድ ጥያቄ ትንገራቸው። እሱን እኛ ክፍል ውስጥ እንሠራበታለን። እናቱን ያጣ ልጅ አክስቱን ወይም ያሳደገችውን ጎረቤት ይቅዳ። የክፍል ኃላፊ መምህራን ይህን ያውቃሉ፤ ልጁን ማንም “እናትህስ?” ብሎ አይጠይቀውም።

የፈቀዳችሁልንን ብቻ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በሚኒ ሚዲያችን እናሰማለን። ሌላው ለቤታችሁ ይቀመጥ፤ ግን አንድ ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ፍላሽም ሆነ ዘመድ ስልክ ላይ።

የሚቀዳ ስልክ የሌላችሁ ዓርብ ከሰዓት ቢሮዬ ኑ። በእኔ ስልክ እንቀዳለን፣ ቡናም ይፈላል።

አክባሪያችሁ፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት
ደሴ