መጀመሪያ ቴኖሩን ያዢ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የላክሻቸውን ሁለት ቀረጻዎች ሰማኋቸው። «አንዱ በወፍራም የወንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ሌላው ከፍ ብሎ ከትሮምቦን ጋር ነው፤ እውነት አንድ ሥራ ናቸው?» ላልሽው፣ አዎ፣ አንድ ናቸው። ሁለቱም የጥንቱ አውሮፓዊ ዜማ ደራሲ የጊዮም ዱፋይ «ኑፔር ሮዛሩም ፍሎሬስ» የተባለ የላቲን መዝሙር ናቸው፤ ከብራናው የወጣም የለም። የ15ኛው መቶ ዘመን ጸሐፊ በብራና ላይ የሚያሰፍረው የየድምፁን አካሄድና ርዝመት ነው። ስንት ሰው ይዘምረው፣ ከየት ከፍታ ይነሣ፣ ምን ያህል ይፍጠን፣ መሣሪያ ይግባ አይግባ፣ ይህን ሁሉ ለዘማሪው ትቶለታል። ስለዚህ በቀረጻው ላይ ከዱፋይ ጋር የመሪውም ውሳኔ አለ። የቱ የማን እንደሆነ መለየት ስትጀምሪ፣ የትኛውን ልግዛ ብለሽ እኔን መጠየቅ ይቀራል።

ያደግሽበት የያሬድ ዜማ መቶ ሰው ቢያዜመውም መንገዱ አንድ ነው። ጆሮሽ በዚያ ስለተገራ እዚህም አንድ ዜማ ይፈልግና ከላይ ያለውን ድምፅ ተከትሎ ይሄዳል፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይጠፋበታል። ይህ ሙዚቃ የቆመው ከታች ወይም ከመሐል ባለው፣ በረዣዥም ኖታዎች በሚጓዘው ድምፅ ላይ ነው። ቴኖር ይሉታል፤ ስሙ በላቲኑ ከ«መያዝ» የመጣ ነው፤ እውነትም ሌሎቹን ይዟቸው የሚቆመው እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዜማው አዲስ አይደለም፤ ከቅዳሴ ወይም ከዘፈን የተወሰደ ነው።

«ኑፔር» የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላም ዓመቱን ሁሉ በዚሁ እቆጥራለሁ) ማርች 25 ቀን 1436 ጳጳሱ ኤውጄንዮስ 4ኛ የፍሎረንስን ካቴድራል ሲባርኩ ነው። (በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እዚያው ፍሎረንስ በጉባኤ የተቀበሉት እኚሁ ጳጳስ ናቸው፤ በእኛ በኩል ዘመኑ የዘርዐ ያዕቆብ ነበር።) ቴኖሮቹ ሁለት ናቸው። ሁለቱም ለቤተ ክርስቲያን ቡራኬ ቀን የሚዜመውን «ቴሪቢሊስ ኤስት ሎኩስ ኢስቴ» ይይዛሉ፤ ያዕቆብ በቤቴል ከእንቅልፉ ነቅቶ ስፍራው ምንኛ የሚያስፈራ እንደሆነ የተናገረው ቃል ነው። አንዱ ከሌላው በአምስተኛ ርቀት (ከሶል እስከ ዶ ያለውን ያህል) ዝቅ ብሎ፣ በጊዜም ሳይገጥም እየተጠላለፈ ይሄዳል።

እንዲህ አድርገሽ ስሚው። የስልክሽን ሰዓት መቁጠሪያ አዘጋጂ። ሥራው አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል በሁለቱ የላይ ድምፆች ብቻ ይጀምርና እኩሌታው ላይ ቴኖሮቹ ይገባሉ። ሲገቡ ስተሽ አታልፊያቸውም፤ ወለል የሌለው ቤት በድንገት ወለል ያወጣ ይመስላል። ሁለቱ ድምፆች እንደገና ብቻቸውን በቀሩ ቁጥር አዲስ ክፍል ተጀመረ ማለት ነውና የእያንዳንዱን ርዝመት መዝግቢ። ቴኖሩ የተጻፈው አንድ ጊዜ ነው፤ አራት ጊዜ የሚዘመረው ግን በአራት የተለያየ ልኬት፣ 6 ለ4 ለ2 ለ3 ነው። የመጀመሪያው ክፍል 144 ሰከንድ ከፈጀ፣ ሁለተኛው 96፣ ሦስተኛው 48፣ አራተኛው 72 ሊሆን ይገባል፤ መጨረሻ ላይ ያለው አሜን ከዚህ ውጭ ነው። ሦስተኛው ክፍል የመጀመሪያው ሲሶ ሳይሆን እኩሌታ ከሆነብሽ፣ መሪው ዘማሪዎቹ እንዳይጣደፉ ብሎ አዘግይቶታል። ያኔ ቀረጻው ውብ ሊሆን ይችላል፤ ልኩ ግን ፈርሷል።

ተመራማሪው ቻርልስ ዋረን በ1973 እነዚህ ቁጥሮች ከካቴድራሉ ሕንፃ መጠን የተወሰዱ ናቸው ብሎ ጻፈ። ሌላው ተመራማሪ ክሬግ ራይት በ1994 አይደለም፣ የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ልኮች ናቸው አለ። ቀዳማዊ ነገሥት ምዕራፍ 6ን ገልጠሽ እዪው፦ ርዝመቱ 60 ክንድ፣ ከዚያ ውስጥ የፊተኛው ክፍል 40፣ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 30። ለእኔ የራይት ያመዝናል። የዘመኑ ሊቅ ሕንፃውን በክንዱ ከሚለካ መጽሐፉን ከፍቶ ቢያነብ ይቀለው ነበር።

ወደ ትሮምቦኑ ልመለስ። በ1970ዎቹ እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ዴቪድ መንሮው ከለንደን ጓዶቹ ጋር የዱፋይን «ሚሳ ሰ ላ ፋስ ኤ ፓል» (ሚሳ ማለት በዜማ የተሠራ የላቲን ቅዳሴ ነው) ሲቀዳ መሣሪያ አስገብቶ ነበር። ያኔ የተለመደው አስተያየት፣ ቃል ያልተጻፈበት ድምፅ የመሣሪያ ነው የሚል ነበር። በኋላ ክሪስቶፈር ፔጅና ዴቪድ ፋሎውስን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ሰነዱን ሲመረምሩ ነገሩ ተገለበጠ። ዱፋይ የኖረበት የካምብሬ ካቴድራል ኦርጋን እንኳ አልነበረውም፤ የጳጳሱም የጸሎት ቤት እንደዚሁ። ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር ግን የዱፋይ የራሱ ኑዛዜ ነው፤ በ1474 ያጻፈው። ነፍሱ ልትወጣ ስትል ስምንት ዘማሪዎች ከአልጋው አጠገብ ሆነው ዝግ ባለ ድምፅ አንድ መዝሙር እንዲዘምሩለት፣ ቀጥሎም የመሠዊያው ልጆች ከመምህራቸውና ከሁለት አዋቂዎች ጋር «አቬ ሬጂና ቸሎሩም» የተባለውን ሞቴቱን (ለእመቤታችን የሚቀርብ፣ በብዙ ድምፅ የሚዘመር መዝሙር ነው) እንዲያዜሙለት ጠየቀ። ሰዓቱ ስላልበቃ የተዘመረው ከሞተ በኋላ ነው። ልብ በዪ፦ ልጆቹ ላይኛውን ድምፅ ከያዙ የታችኞቹን ሦስት ድምፆች የያዙት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው ማለት ነው። አርባ ሰው ያለበት ኳየር ይህን ሲዘምር ስትሰሚ ይህን አስታውሺ።

የፍሎረንሱ በዓል ግን ለብቻው ይታይ። በዕለቱ የነበረው የፍሎረንስ ሊቅ ጃኖዞ ማኔቲ ዝማሬውን ሲያደንቅ የመሣሪያ ድምፅም ነበረ ብሎ ጽፏል፤ የትኛው ሥራ እንደሆነ ግን አይናገርም። ስለዚህ በ«ኑፔር» ትሮምቦን ያስገባውን መሪ አልፈርድበትም። ለመጀመሪያ ማዳመጫ ግን አልመርጥልሽም፤ ነሐሱ የላይ ድምፆችን ቃል ይሸፍናል። ለአንድ ድምፅ አንድ ሰው ያደረገ ቀረጻ ያዢ፤ በ1988 የተቋቋመው የዘማሪዎች ቡድን ኦርላንዶ ኮንሰርት እንዲህ በአራት ወንዶች ይዘምር ነበር። እስከ 2014 የዘለቀው ሂሊያርድ አንሳምብልም ቅርብ ነበር። ታሊስ ስኮላርስ ላይኛውን ድምፅ ለሴቶች ይሰጣሉ፣ በየድምፁም ሁለት ያህል ሰው ያቆማሉ፤ ድምፃቸው እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ነው፤ ለዚህ ክፍለ ዘመን ግን ትንሽ የበዛ ጥራት ይመስለኛል።

ከፍታው መለያየቱም አያስደንቅሽ። የብራናው «ዶ» ቋሚ ቁጥር የለውም፤ የዛሬው መቃኛ፣ በሰከንድ 440 ንዝረት (ኸርዝ)፣ ገና አልተፈጠረም። ዘማሪዎቹ ላይኛውም ታችኛውም ሳይታነቅ የሚያወጡበትን ቦታ ይመርጣሉ።

ቀጥሎ የክፍሎቹን መዝጊያ ስሚ። በዱፋይ ዘመን የመጨረሻው ድምፅ ብዙ ጊዜ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ላይኛው ዶ) እና አምስተኛ ብቻ ነው፤ መሐሉ ባዶ ነው። በጊዜው የድምፅ ልኬት አምስተኛው ፍጹም ንጹሕ ሲሆን ታላቁ ሦስተኛ (ከዶ እስከ ሚ) 408 ሴንት (የፒያኖ ግማሽ ድምፅ መቶ ሴንት ነው) ይደርሳል፤ በፒያኖ 400፣ በተፈጥሯዊው ልኬት 386 ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ይኮመጥጣል፣ ዕረፍት ይፈልጋል፣ ባዶው መዝጊያ ሲመጣ ያርፋል። ዘማሪዎቹ ሦስተኛውን ወደ 386 ካለዘቡት ሁሉም ቦታ ጣፋጭ ይሆንና መዝጊያው የሚያሳርፈው ነገር ያጣል። ድምፁን የሚያርገበግብ ዘማሪ ካለ ደግሞ አምስተኛው ራሱ ይደፈርሳል። ይህ ከሁሉ የከፋው ጥፋት ነው፤ ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢያምር ያን አትግዢ።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ አንዱ ቀረጻ ኖታውን ግማሽ ድምፅ ከፍ ያደርገዋል፣ ሌላው እንዳለ ይተወዋል። ተሳስተው አይደለም። ዘማሪው መዝጊያ ሲቃረብ ሳይጻፍለት ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይጠበቅበት ነበር፤ ሙዚካ ፊክታ ይሉታል። በ«አቬ ሬጂና» ግን አንድ ቦታ ላይ ክርክር የለም፦ ዱፋይ በጥንቱ ጸሎት መካከል የራሱን ስም አስገብቶ «ሚዜሬሬ»፣ ማሪኝ፣ ይላል፤ እዚያ ሚ ወደ ታች ይሰበርና ብሩህ የነበረው ሁሉ ይጠቁራል። ይህንኑ ቦታ በዚሁ ስም በሠራው ሚሳ ውስጥ፣ አኙስ ዴይ በሚባለው የመጨረሻ ክፍል ላይ መልሶ አምጥቶታል። መሪው እዚያ ሲደርስ ሆን ብሎ ካዘገየ ዱፋይን አላመነውም ማለት ነው፤ ሚው ብቻውን ይበቃል።

ወደ ሚሳዎቹ ስትሄጂ ከ«ሰ ላ ፋስ ኤ ፓል» ጀምሪ። ቴኖሩ የራሱ የዱፋይ የፍቅር ዘፈን ነው፤ «ፊቴ ቢገረጣ ምክንያቱ ፍቅር ነው» ዓይነት። መጀመሪያ ዘፈኑን ብቻውን ሦስት ጊዜ ስሚውና ዜማውን አንጎራጉሪው፤ ከዚያ ግሎሪያ የሚባለውን የሚሳውን ክፍል ክፈቺ። ቴኖሩ ሦስት ጊዜ ይመጣል፦ በመጀመሪያ በሦስት እጥፍ ርዝመት፣ ቀጥሎ በሁለት እጥፍ፣ በመጨረሻ በዘፈኑ ልክ። ሦስተኛው ላይ ዘፈኑን ታውቂዋለሽ። ከኪሪዬ አትጀምሪ፤ እኛ ኪርያላይሶን የምንለው ያው ነው፣ ግን ቴኖሩ እዚያ በእጥፍ ብቻ ስለሚሄድ ይሸሸግብሻል። የሌላውን የዘመኑ ደራሲ፣ የኦኬጌምን «ሚሳ ፕሮላሲዮኑም» ለጊዜው ተዪው። ሁለት ድምፅ ተጽፎ አራት ይዘመራል፤ ድንቅነቱ ለዓይን እንጂ ለጆሮ ቶሎ አይገባም።

ስለ ማዳመጫው፦ በስልኩ ድምፅ ማጉያ አትስሚ። ቴኖሩ የሚንቀሳቀሰው ከ130 እስከ 350 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ትንሿ ማጉያ ያንን በደንብ አታወጣውም፣ ስለዚህ ዋናው ነገር ሳይኖር ጌጡን ትሰሚያለሽ። የጆሮ ማዳመጫ አድርጊ፤ ባስ የሚጨምረውን ማስተካከያ አጥፊ፤ ትራኮቹን የሚያዘባርቀውንም እንደዚሁ። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ፋይል የማሚቶውን ጭራ ይበላዋል፤ ፍላክ (ድምፁ ሳይቀነስ የሚቀመጥበት ፋይል) ወይም ሲዲ ይሻላል። ከመግዛትሽ በፊት የአንዱን ትራክ መጨረሻ ስሚና ማሚቶው እስኪሞት ቁጠሪ። ከአራት ሰከንድ ካለፈ በፈጣኑ ክፍል ቃል አይለይልሽም፤ ከአንድ በታች ከሆነ ደግሞ ስቱዲዮ ነው፣ የዘማሪው ትንፋሽ ይረብሽሻል። ስትፈልጊም «ኪሪዬ» ብለሽ አትጻፊ፣ መዓት ይመጣብሻል፤ የሚሳውን ሙሉ ስም ጻፊ። የዱፋይ ስም በአንድ ቃልም በሁለት ቃልም ስለሚጻፍ ሁለቱንም ሞክሪ።

«አቬ ሬጂና»ን ዛሬ ማታ ክፈቺውና ሚው የሚሰበረው በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ጻፊልኝ። ቀረጻው የማን እንደሆነም አትርሺ፤ ከእኔው ጋር አስተያየዋለሁ።

አባትሽ