አባባ፣ የባሌው መንገዳችን

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልኩ ላይ ጆሮዎ እያስቸገረዎት ስለሆነ፣ እርስዎም ነገርን በወረቀት ይዘው ደጋግመው ማየት ስለሚወዱ፣ የባሌውን ጉዞ በደብዳቤ ልጽፍልዎ ወሰንኩ። መነጽርዎን አድርገው ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። ያልተስማማዎት ቦታ ካለ በእስክሪብቶ ያስምሩበት።

ባለፈው ነገሩን ሳነሳብዎ «ለአንድ ሽማግሌ ብላችሁ ይህን ሁሉ ገንዘብ አታውጡ» አሉኝ። አባባ፣ ይህን ለእርስዎ እንደምናደርግልዎ ስጦታ አይቁጠሩት። እኔ ነኝ እርስዎን የምለምነው። በ1967 ዓ.ም. ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ከትምህርት ገበታ ተነሥታችሁ በጭነት መኪና አዳባ የወረዳችሁበትን ታሪክ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። በፈረስ ገበያ የሚመጡትን ገበሬዎች፣ ፊደል ያስቆጠሯቸውን ሽማግሌዎች፣ የካቲት ላይ የመሬቱ አዋጅ በሬዲዮ ሲነገር መንደሩ እንዴት እንደሆነ፣ ሁሉንም ከእርስዎ አፍ አውቃለሁ። ቦታውን ግን አንድም ቀን አላየሁትም። ያለ እርስዎ ሄጄ ባየው ደግሞ ከመንገድ ዳር ከተሞች አንዱ ሆኖብኝ አልፌው እሄዳለሁ። የትኛው ዛፍ ሥር እንዳስተማሩ፣ ወንዙን በየት በኩል ትሻገሩ እንደነበር የሚያሳየኝ ሌላ ሰው የለኝም።

ወንድሜ በሻሸመኔና በኮፈሌ በኩል እንሂድ ይላል። እኔ በአሰላ በኩል ይሁን ባይ ነኝ፣ በዚህ ነገር እርስዎ ከእኔ ጋር እንዲቆሙ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ከቤታችሁ ከአዳማ ተነሥተን አዋሽን እንደተሻገርን ዴራና ኢተያ ላይ ነን፤ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ በኩል ዳገቱ ቀስ በቀስ ነው የሚመጣው። አዳማ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አሰላ ከ2400 በላይ፣ በቆጂ 2800 አካባቢ። ሰውነትዎ ከፍታውን በዚህ ዓይነት ቢለምደው ደስ ይለኛል።

የምንሄደው ኅዳር መጀመሪያ ላይ እንዲሆን አስቤአለሁ። ዝናቡ ያበቃል፣ የታኅሣሥ ውርጭ ገና አይጠናም፣ የአርሲም ስንዴ ደርሶ ኮምባይነሩ ማሳ ላይ የሚወርድበት ጊዜ ነው። በአንድ በኩል ጭላሎ ከ4000 ሜትር በላይ ተነሥቶ፣ ከሥሩ እስከ መንገዱ ድረስ ቢጫ ማሳ ሲታይ እርስዎ ምን እንደሚሉ አሁን ይሰማኛል። ከአሰላ በፊት ቁሉምሳን ስናልፍ ደግሞ በስዊድኖች እርዳታ ስለተጀመረው ስለ ካዱ፣ ስለ ጭላሎው የግብርና ልማት ሥራ ያወሩልን፤ ያ ሥራ ለአርሲ ገበሬ ምን እንዳመጣ ልጆቼ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእርስዎ እንዲሰሙት እሻለሁ።

በቆጂ ላይ ቆም እንላለን። የደራርቱ፣ የቀነኒሳ፣ የጥሩነሽ አገር ነው። በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ ቤታችን ጎረቤት ሞልቶ እንደነበረ፣ እሷ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ተወዳዳሪ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ሜዳውን ስትዞር እርስዎ አይተው ዝም እንዳሉ አስታውሳለሁ። ልጆቹ ጠዋት ተነሥተው ከከተማው ልጆች ጋር ይሩጡ ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን እዚያ አናድርም። ጭኮና እርጎ በልተን በአሳሳ በኩል ዶዶላ እንገባለን፣ ማደሪያችን እሱ ነው። መንገዱን ባንድ ቀን ሮቤ መግባት እንደሚቻል አውቃለሁ፣ እርስዎም «ድሮ እኮ በጭነት መኪና…» ይሉኛል። ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበሩ፣ አባባ። አሁን የምንቸኩልበት ምክንያት የለንም።

በማግሥቱ ሙሉ ቀኑ የአዳባ ነው። አዳባ ከዶዶላ ብዙም አይርቅም፣ በጠዋት እንደርሳለን። በእርስዎ ጊዜ ባሌ ክፍለ ሀገር ይባል ነበር፣ ዛሬ በምዕራብ አርሲ ዞን ውስጥ ነው። አብዛኛው ሕንጻ ተለውጦ ሊያገኙት ይችላሉ። ቢሆንም ተራራው አይለወጥም፣ ከዚያ አቅጣጫውን ያገኛሉ። ያስተማሯቸው ልጆች በሕይወት ካሉ ዛሬ እነሱም ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን የሚያስታውሱትን ያህል ከአሁኑ በወረቀት ላይ ይጻፉልኝ፣ ገበያው ላይ ወይም መስጊዱ ደጅ እየተጠየቀ የሚገኝ አይጠፋም። አፋን ኦሮሞዎም ይመጣልዎታል፤ እኔ ካሁን ወዲያ አስተርጓሚዬ እርስዎ ነዎት። ምሳ እዚያው እንበላለን፣ የሚጋብዝዎ ሰው ከተገኘም ሰዓት አልቆጥርብዎትም።

ከዚያ በዲንሾ በኩል ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤትም ያለው እዚያ ነው። ጥዱና ኮሶው ሥር የደጋ አጋዘን ከመኪና ሳንርቅ ይታያል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዜናውን በሬዲዮ ሰምተው የነገሩኝ እርስዎ ነበሩ። ማታ ጎባ እናድራለን። እማዬ ብርዱን ስለምትፈራ ወፍራም ብርድ ልብስ ከቤት ይዤ እመጣለሁ።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገርዎ። ከጎባ ተነሥተን ሰነቲ የሚባለው የተራራ ላይ ሜዳ ስንወጣ 4000 ሜትር አካባቢ እንደርሳለን። እዚያ አንድ ትንፋሽ የሚሰጠው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚሰጠው 60 በመቶ ያህል ነው። ለደም ግፊትዎ መድኃኒት እየወሰዱ ስለሆነ፣ ከመሄዳችን በፊት ሐኪምዎን አማክረው «መሄድ ይችላሉ» እንዲልዎት እለምንዎታለሁ። ሐኪሙ አይሆንም ካለ ሰነቲን እንተወዋለን፤ አዳባን ግን አንተውም። ሕመምን ዋጥ ማድረግ ልማድዎ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ ላይ ግን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከተሰማዎት ወዲያው ይንገሩኝ፣ መድኃኒቱ ሳይዘገዩ ወደ ታች መውረድ ነው። ቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ድረስ መኪና የሚወጣበት መንገድ አለ፣ ቁመቱ 4377 ሜትር ነው። እኛ አንወጣም። ወንድሜ ያኮርፍ ይሆናል፣ ያኩርፍ።

ጠዋት ማልደን ብንነሣ ቀይ ቀበሮን ልናይ እንችላለን። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 የማይበልጡ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጦ ሲጠብቅ ሰውን ልብ አይልም ይላሉ። በመኪና የሚገጩ ስላሉ ሜዳው ላይ በዝግታ ነው የምንነዳው፣ ይህንን ለወንድሜ አጥብቄ ነግሬዋለሁ። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል መንገድ ዳር ቆሞ ሰው ይመስላል፣ ጭጋግ ውስጥ እማዬን እንዳያስደነግጣት።

ከሰነቲ ማዶ ቁልቁለቱ ሲጀምር ነው ለእኔ የመንገዱ ልብ። ከአስታው ቁጥቋጦ ወጥተን በሪራ በኩል ሐረና ጫካ ውስጥ እንገባለን፣ በአንድ ግማሽ ቀን ከብርዱ ወደ ቆላው። በዛፎቹ ሥር ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፣ ቅርንጫፎቹ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። እማዬ ጀበናዋን ይዛ ትምጣ፣ ቡናውን ከበቀለበት ገዝታ እዚያው ታፍላልን። ማደሪያችን ደሎ መና ነው፤ ዝቅ ያለ አገር ስለሆነ ለእርስዎ እንቅልፍም ይሻላል። በማግሥቱ በመጣንበት እንመለሳለን።

ሶፍ ዑመርን እንጨምር የሚልም አለ። ዋሻው ውስጥ የወይብን ወንዝ እየተሻገሩ በጨለማ መሄድ አለ፣ ለጉልበትዎ አልወደድኩትም፣ ለዚህ ጊዜ ይቅር።

ስለ ደህንነቱ አይጨነቁ። ከመነሣታችን በፊት የየከተማውን ሁኔታ እዚያው ካሉ ሰዎች እንጠይቃለን፣ አንድም ቦታ ጥሩ ካልመሰለን ቀኑን እንገፋዋለን። የምንነዳው በቀን ብቻ ነው። ነዳጅ ጎባ ላይ ሞልተን ነው ሰነቲ የምንወጣው። የፊተኛው ወንበር የእርስዎ ነው።

ወንድሜ ቅዳሜ እናንተ ዘንድ ይመጣል። ያሰመሩበትን ደብዳቤ፣ የተማሪዎችዎን ስምና የሐኪሙን ቀጠሮ ቀን በእጁ ይላኩልኝ። መኪናውን ከዚያ በፊት ሰርቪስ አስደርገዋለሁ።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ